እሑድ የተሞላችው ቆርቆሮ

ባለፈው ወር ሳል ያዘኝ። ሰማንያን የተሻገረ ሰው ሲስል ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ይሆናል፤ አንዱ ዝንጅብል ይላል፣ አንዱ ማር፣ ሌላው ጤና አዳም ቀንጥሶ ይመጣል። ሁሉንም ጠጣሁ። ሦስት ሳምንት አልፎትም አልለቅ ሲለኝ ልጄ እጄን ይዛ ጎንደር አራዳ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝና፣ «አባባ፣ ነገ ጠዋት እንደ ተነሡ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ከውስጥ ስለው አክታ ይዘውልኝ ይምጡ» አለችኝ። ዕቃዋን ተቀብዬ ሳልከድናት አገላብጬ አየኋት። የእርጅና መስሏት ክዳኑን ራሷ ገጠመችልኝ።

የእርጅና አልነበረም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው ሳድል የኖርሁ ሰው ነኝ። ልጅቷ የተናገረችው ቃል እንኳ የእኔው ቃል ነው፤ እንደ ተነሣህ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ከውስጥ ስለህ። ይህን እያልሁ ስንቱን ሸኝቻለሁ። ለእኔ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ውጤቱ መቼ ይደርሳል ብዬ ብጠይቃት ጥግ ላይ የተቀመጠ ነጭ ሣጥን የመሰለ መሣሪያ አሳየችኝ። አክታው እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ተህዋሱ ይኑር አይኑር፣ መድኃኒቱ ይበግረው አይበግረው፣ ራሱ ጽፎ ያወጣል። የሙያዋ ሰው መሆኔን ልጄ ሹክ ብላት ኖሮ፣ «ድሮ እናንተ በምን ነበር የምታዩት?» አለችኝ። «በዓይናችን» አልኋት። ሳቀች። ደግ ልጅ ናት፤ እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። በዓይኔ አይቼ የጻፍኋት አንዲት ወረቀት ትዝ ብላኝ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ እዚሁ ጎንደር ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ላቦራቶሪ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የውኃ ባልዲ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። ማይክሮስኮፑ የራሱ መብራት አልነበረውም። ከሥሩ ባለች ክብ መስታወት ከመስኮቱ የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ክረምት ገብቶ ከተማው በጉም ሲታፈን ሥራ እንፈታ ነበር። ደመናው እስኪገለጥ በመስኮት አንጋጠን ሰማይ ስናይ አላፊ አግዳሚው ጸሎት ላይ ያለን ይመስለው ነበር።

ሥራው ግን ደስ ይል ነበር። ከመጥረጊያ አንዲት ስንጥር ትመዝና አክታውን ከመስታወት ላይ በስሱ ትቀባዋለህ። ሲደርቅ በእሳት ላይ ታሳልፈዋለህ። ከዚያ ቀይ ቀለም ታፈስበትና ከሥር በአልኮል ኩራዝ እንፋሎቱ ብን እስኪል ታሞቀዋለህ። ቀጥሎ በአሲድ ታጥበዋለህ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ቀይነቱን ይለቃል። የሳምባ ነቀርሳ ተህዋስ ብቻ ግትር ነው፤ አንድ ጊዜ ቀዩን ከጠጣ አሲድም አያስለቅቀው። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ትደርብበታለህ። በሽታው ካለ በሰማያዊው መደብ ላይ ቀያይ ስንጥሮች ተበትነው ታያለህ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት እምብዛም አይፈጅም፤ ወጪውም ጥቂት ቀለም፣ ጥቂት አልኮልና የመጥረጊያ ስንጥር ነው። የአክታ መያዣችን ሳይቀር ቅባት መድኃኒት ያለቀባት ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች፤ ቀቅለንና አጥበን ለበሽተኛ እንሰጣታለን። ሐኪም ጆሮውን ደረት ላይ ለጥፎ ሲገምተው ለኖረው በሽታ ይህ ተአምር ነበር።

ኩራቴም ልክ አልነበረውም። ቀዩ ቀለም ጣቴን ስለሚያቀልመው ጓደኞቼ «እንሶስላ የሞቀ ሙሽራ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ሻይ ቤት ስገባ ግን ብርጭቆውን የማነሣው ጣቴን ሰው እንዲያይልኝ አድርጌ ነበር። ኃላፊዬ አቶ ዘውዱ ብዙ የማይናገሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ሥራውን ሲያስተምሩኝ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙ ነበር፤ «ሦስት ጠዋት፣ ሦስት አክታ። የመጀመሪያው ይደብቅሃል፣ ሁለተኛው ያመነታል፣ ሦስተኛው ይናገራል።» እሺ እላቸዋለሁ። የወጣት እሺታ ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ ጥበቡ መጣ። ጥበቡና እኔ ዳዊት አብረን የደገምን ጓደኛሞች ነን። በደባርቅ መንገድ ካለችው ከኮሶዬ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ ከአንድ መምህር እግር ሥር፣ አንድ ቁራሽ ለሁለት ገምጠን ነው ያደግነው። ኋላ እኔ ወደ አስኳላ ኮበለልሁ። እሱ ጸና፣ ዲያቆን ሆነ፣ ከዓመት በፊትም የሻረግ የምትባል ልጅ በቁርባን አገባ። በስልቻ የባቄላ እሸት ይዞልኝ መጥቷል። ሻይ ቤት ተቀምጠን ጣቴን ሲያይ፣ «ደግሞ እንሶስላ ሞቅህ?» አለኝ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«ምነው? ደኅና አይደለህም?» አልሁት።

«የሻረግ ትስላለች። ከሰኔ ጀምሮ ነው። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። አምባሯ ከእጇ እየወለቀ ቢያስቸግራት አውልቃ ጓዳ ሰቅላዋለች።»

«ምነው ታዲያ ይዘሃት አልመጣህ?»

«እናቴ ትፈራለች። የሳምባ ቤት ከተባልን እሳት የሚጭር ጎረቤት አይኖረንም ትላለች። እኔ ግን ማወቅ አለብኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጥር ላይ ቅስና እቀበላለሁ። ደብሩ ካህን የለውም፤ ያሉት አንድ አባት አርጅተዋል። ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ፤ ከቀሰስሁ በኋላ እሷን ካጣሁ ሌላ ማግባት የለም፣ ምንኩስና ነው። እሱስ ይሁን። ነቀርሳ ከሆነ ግን ቅስናው ይቅርብኝ፤ ይዣት ጎንደር እገባለሁ፣ መርፌዋን እስክትጨርስ የቀን ሥራ እየሠራሁ አስታምማታለሁ። ካልሆነም ልረፍና ልቀስስ። አንተ ቁርጡን ንገረኝ።»

መርፌው ያኔ ገብቷል። ለብዙ ወር በየቀኑ መወጋት ስለሚያስፈልግ ጎንደር መቀመጥ ግድ ነበር። በጊዜ የመጣ ሰው በእግሩ ሄዶ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። እኔ አለባት ካልሁ የሻረግ ጎንደር መጥታ ትታከማለች፤ የለባትም ካልሁ እዚያው ከሳሏ ጋር ትቀራለች። በሃያ ሁለት ዓመቴ ይህ አላስፈራኝም፤ እንዲያውም አኮራኝ። «አንድ ቀን ማኪና ሳገኝ እኔው እመጣለሁ» አልሁት፤ «ለጎረቤት እንግዳ ነው በሉ።»

የሄድሁት እሑድ ነው። በሥራ ቀን መቅረት አልችልም ነበር፤ እሑድም ለእኔ ላቦራቶሪው የሚዘጋበት ቀን ብቻ ከሆነ ሰንብቷል። ጎሕ ሲቀድ ደባርቅ በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ፣ ከጆንያ መካከል ተሸጉጬ ተሳፈርሁ። የወገራ ብርድ በጥቅምት አጥንት ይበሳል። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ ገሚሱ ገና አረንጓዴ፣ ገሚሱ ለአጨዳ የደረሰ። ኮሶዬ ስወርድ እጄና እግሬ ደንዝዘው ስለነበር ከመንገድ ዳር ካለች ቤት ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ ገዛሁ፤ መጀመሪያ እጄን አሞቅሁበት፣ ቀጥዬ በላሁት። ከዚያ ቁልቁለቱን ተያያዝሁት። ቅዳሴ ወጥቶ ነጭ የለበሰ ሰው በየመንገዱ ተበትኗል። የደብሩን ደጅ ተሳልሜ አለፍሁ፤ ከዋርካው ሥር ሰንበቴ የተቀመጡት ሽማግሎች ዳቦ ቅመስ ብለው ጠርተውኝ ቸኩያለሁ አልኋቸው።

ቤቱ ስደርስ ጥበቡ አልነበረም። ከካህናቱ ጋር ለቀብር ወደ ሌላ ደብር ተሻግሮ ኖሯል፤ እስከ ማታ አይመለስም። የተቀበሉኝ እናቱ እማማ ውዴ ናቸው። ተማሪ ሆነን ቁራሽ ስንለምን ከእሳቸው ደጅ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ አላውቅም። «እሰይ ልጄ! ምነው እንዲህ ሸጋ ሆነሃል!» እያሉ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፤ መሐል ላይ ሳል አቋረጣቸው። የጭስ ሳል ነው፤ ዕድሜዋን ከምድጃ አጠገብ የጨረሰች የደጋ እናት ሁሉ አለባት።

የሻረግ ከጓዳ ወጣች። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አፏን በነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ሸፍናለች፤ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ናቸው፣ ትላልቅና የሚያበሩ፣ የዚያ በሽታ ዓይኖች። እንግዳ ፊት ያፈረች መሰለኝ። ሳል ሲመጣባት ነጠላውን ግጥም አድርጋ ትይዝና መልሳ ትውጠዋለች። የጨዋ ልጅ ናት አልሁ በልቤ።

የገብስ እንጀራ በእርጎ ቀረበልኝ፤ የልጅነቴ ጣዕም ነው፣ ሳላፍር በላሁ። ከዚያ ቆርቆሮዋን አወጣሁና፣ «ከውስጥ ስለሽ እዚህች ውስጥ መትፋት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም» አልኋት። በሁለት እጇ ተቀበለች። ቆርቆሮዋን አየቻት፣ ቀና ብላ አማቷን አየች፣ ከዚያ በነጠላው ውስጥ ሆና፣ «ዛሬ እንኳ…» ብላ ጀመረች።

«ዛሬ ካልሆነ እኔ ሌላ ቀን አይመቸኝም» አልሁ ከአፏ ነጥቄ፤ «ማኪናው ስምንት ሰዓት ኮሶዬ ይደርሳል፣ ይሄድብኛል።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አጠበቀች። እማማ ውዴ ቆርቆሮዋን ከእጇ ወሰዱ። «ነይ ጓዳ ግቢ። ሰው ለእኛ ብሎ ከጎንደር ድረስ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም» አሏት። ሴት ስትተፋ ቆሞ ማየት ነውር ነውና እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። ከጓዳ ሳል ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ታፍኖ የቀረ፣ ቀጥሎ ወፍራም፣ እስከ መጨረሻው የወጣ። ትንሽ ቆይተው እማማ ውዴ ቆርቆሮዋን ክዳኗን ገጥመው አመጡልኝ። ገና ትሞቅ ነበር። የሻረግ ከበሩ ላይ ቆማ፣ አፏን እንደ ሸፈነች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችኝ።

ሰኞ ጎንደር ጥርት ያለ ፀሐይ ነበራት። አክታው ውስጥ የጥላሸት ቅንጣት አየሁበት፤ ምድጃ አጠገብ የምትውል ሴት ናት ብዬ አለፍሁት። ቀባሁ፣ አሞቅሁ፣ አጠብሁ፣ ሰማያዊውን ደረብሁ። ከዳር እስከ ዳር ሄድሁበት። ሰማያዊ ብቻ ነው። ደግሜ ከሌላ ጎኑ ሠራሁት፤ አሁንም አንዲት ቀይ ስንጥር የለችም። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ የጓደኛዬን ትዳርም ቅስናም ያዳንሁ መሰለኝ።

አቶ ዘውዱ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ሁለተኛውስ?» አሉኝ።

«ቤታቸው ሩቅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሩቅነቱ ለአንተ ነው እንጂ ለበሽታው አይደለም» ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ነገሩ ለአፍታ ከነከነኝ። ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ዳገት ትዝ ሲለኝ ተውሁት። ወረቀት አወጣሁና ጻፍሁ። አላየሁም ብዬ መጻፍ ሲገባኝ የለባትም ብዬ ጻፍሁ። አጥፌ ለአንድ ሹፌር ሰጠሁት፤ በማግሥቱ ደረሰ።

ጥበቡ ጥር ላይ ቀሰሰ። ክህነቱን ተቀብሎ ሲመለስ ነጭ ጥምጥሙን እንደ ጠመጠመ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ። ላሾፍበት አፌን ስከፍት መስቀሉን አውጥቶ አሳለመኝ። «ወረቀትህን ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጫታለሁ» አለኝ።

«ሳሏ ተዋት?»

«አልተዋትም፤ የብርድ ይሆናል። አንተ ካልህ ምን እፈራለሁ?»

«አንድ ቀን ደግመን እንይላት» አልሁት። እሺ አለ። እኔም አልሄድሁ፣ እሱም አላመጣት።

በግንቦት መጨረሻ የኮሶዬ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከመንገዱ አደረሷት፤ ከዚያ በጭነት ማኪና ጎንደር ገባች። ደም ተፍታለች አሉ። የተኛችበት ክፍል ስገባ አላወቅኋትም፤ ያን ቀን ያየሁት ዓይኗን ብቻ ነበር፣ አሁን ደግሞ ከዓይኗ በቀር የተረፈ አልነበረም። ጥበቡ መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቷል። እማማ ውዴ ከራስጌዋ ተቀምጠው ግንባሯን ያብሳሉ። ሐኪሙ አክታ ስላዘዘ ቆርቆሮ ይዤ ቀረብሁ። እማማ ውዴ ቆርቆሮዋን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«አሁንም እኔ ልትፋላት፣ ልጄ?» አሉኝ።

አልገባኝም። «እንዴት?» አልሁ።

«ያን ጊዜማ እሑድ አልነበር? ቆርባ ገብታ አልነበር? የቆረበ ሰው እንዴት ብሎ ይተፋል? አንተም ማኪናው ይሄድብኛል አልህ። እኔም እስላለሁ፣ ሳል ያው ሳል ነው፤ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ምድጃ። ባዶ እጅህን እንዳልሰድህ ብዬ እኔው ተፋሁልህ።»

ፊታቸው ላይ ሐፍረትም ተንኮልም አልነበረም። ውለታ የዋለ ሰው እንደሚያይ ነበር የሚያዩኝ። እኔ ዳዊት የደገምሁ፣ የደብር ልጅ፣ የቆረበ ሰው ቅዱሱ ነገር ከአፉ እንዳይወጣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሲወጣ፣ ያን ቀን ሙሉ ምራቁን እንኳ ሲጠነቀቅ እያየሁ ያደግሁ! የሻረግ አፏን ሸፍና ፊቴ ቆማ ነበር። ሳሏን ስትውጥ አይቻታለሁ። በማይክሮስኮፕ የማይታየውን አያለሁ እያልሁ ስኮራ በግልጥ ፊቴ የቆመውን አላየሁም።

«ደግ አደረጉ፣ እማማ» አልኋቸው።

የዚያን ቀን የሠራሁት መስታወት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። መፈለግ አላስፈለገም። የትም ባዞረው ቀይ ነው።

መርፌው ተጀመረላት፤ ሐኪሙ ግን ዘግይቷል ማለቱን አልደበቀኝም። በአምስተኛው ቀን እማማ ውዴ ወጣ ሲሉ የሻረግ በእጇ ጠራችኝ። ጎንበስ አልሁላት።

«ያኔ ልነግርዎ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ እንኳ ቆርቤያለሁ ልልዎ ነበር። ቸኮሉብኝ። ከዚያ ወዲያ አፈርሁ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋት።

ለብዙ ጊዜ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለእሱ አይንገሩት» አለችኝ። «እናቱ ናት። ከእሷ ሌላ ማን ይቀረዋል?»

ምዬላታለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሞተች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት የሚለቀም አልነበረም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ጥበቡ ላቦራቶሪ መጣ። ዶፍ ይዘንባል። ጥምጥሙ ርሶ ግንባሩ ላይ ወርዷል። ደመና ስለነበር ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ከዳዊቱ ውስጥ ያቺን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት። የእኔው ጽሕፈት፣ የእኔው ፊርማ።

«መስታወትህ ምነው ዋሸኝ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መስታወቱ አልዋሸም» አልሁት። «እኔ ነኝ። በደንብ አላየሁም። ቸኮልሁ።»

ቆርቆሮው ጣራ ላይ ዝናቡ ይደበድባል። አንድ ቃል ብቻ ብጨምር ኖሮ በዓይኑ ፊት ነጻ እወጣ ነበር፤ እናቱን ግን በእኔ ቦታ ጥፋተኛ አደርጋቸው ነበር። ያን አልጨመርሁም። ይህን ስል ጀግንነት እንዳይመስልብኝ። ብጨምር ኖሮ «ምነው አንተ፣ እሑድ መሆኑን አታውቅም ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይከተል እንደ ነበር ልቤ ያውቀዋል። የእማማ ውዴን ገመና ስሸፍን የራሴንም ሸፍኛለሁ።

መስቀሉን አወጣ። እኔም ጎንበስ አልሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አለኝ፤ ግንባሬንም ነካው። መስቀሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ወረቀቷን እዚያው ትቷት ሄደ። መስከረም ሲጠባ መንኩሶ ዋልድባ ገባ አሉኝ፤ ደብሩም እንደገና በእኒያው አርጅተዋል በተባሉት አባት እጅ ቀረ።

እማማ ውዴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ገበያ በመጡ ቁጥር በስልቻ ባቄላ ይዘው በእኔ በኩል ሳያልፉ አይመለሱም። «ለልጄ ጓደኛ» ይላሉ። የሻረግን እያነሡ ያለቅሳሉ፣ ያን ቀን እንዴት እንግዳ እንዳላሳፈሩ ጨምረው ይነግሩኛል። እኔም ባቄላውን እቀበልና አመሰግናለሁ። ምን እንዳደረጉ ሳያውቁ ሞቱ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ መሐላው የላላ መሰለኝና ዋልድባ ድረስ ሄድሁ። የኮሶዬውን አባ ፈልጌ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል አሉኝ። ሰው የሚፈታው ከተናዘዘው ነው፤ እኔ የተናዘዝሁት የዓይኔን ጥፋት ነበር፣ ዓይኔ ግን ደኅና ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ለአንድም በሽተኛ፣ «ዛሬ ቆርበሃል? ቆርበሻል?» ሳልል ቆርቆሮ ሰጥቼ አላውቅም። ወጣቶቹ ሠራተኞች «አባ ቆረብህ» የሚል ስም አወጡልኝ። አንድ ቀን በልማዴ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ጠይቄ፣ «ኧረ እኔስ ገና ነኝ» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሥቆታል። አብሬ ሣቅሁ። ለምን እንደምጠይቅ ግን ለማንም አልነገርሁም። ሦስት ጠዋትም ሦስት አክታ ነበር፤ ቤቱ ሩቅ የሆነውን ከከተማ ዘመድ ፈልጌ አሳድረው ነበር።

እንግዲህ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ተመለስሁ። የፕላስቲኳ ዕቃ በኪሴ ነበረች፣ ባዶዋን።

«ምነው አባባ፣ አልወጣልዎትም?» አለችኝ ልጅቷ።

«እዚሁ ልተፋ ነው የመጣሁ። ቁሚና እዪኝ።»

«አምኜዎት የለ እንዴ» አለች እየሳቀች።

«አትመኚ። ደግሞ አንድ ነገር ሳትጠይቂኝ ቀረሽ።»

«ምኑን?»

«ቆርበዋል ወይ ብለሽ።»

ደንገጥ ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ወዲያው ገባት። «ውይ፣ እውነትዎን ነው! በእርስዎ ዕድሜማ መቼም ሳይቆርቡ አይቀሩም። ይተዉት በቃ፣ ነገ ይሁን።»

ያቺ መሣሪያ ጥጉ ላይ ሆና ድምፅ ሳታሰማ ትጠብቃለች። ውስጧ የገባውን ሁሉ ሳትሳሳት ትለያለች አሉ፤ ማን እንደ ተፋው ግን አታውቅም።

«አልቆረብሁም፣ ልጄ» አልኋት። «ስልሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ክዳኑን ከፈትሁ። ልጅቷ ቆማ ታየኝ ነበር።